«ጨጓራ ይሆናል» ያልኩት ቀን

የእህቴ ልጅ ሐያት እኔ ባለሁበት ያስመለሳት ጠዋት ነው፤ ቁርስ ሳትቀምስ። ሰባት ዓመቷ ነበር። እኔ ለአረፋ ቡታጅራ፣ ታላቅ እህቴ ዘይነባ ቤት መጥቼ ነበር።

«በዚህ ሳምንት ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። ራሴንም ያመኛል ትላለች» አለችኝ ዘይነባ።

«ጨጓራ ይሆናል» አልኳት።

ሐኪም ነኝ። ውጭ አገር ባለ ላቦራቶሪ በሕፃናት የአንጎል ዕጢ ላይ እመራመራለሁ። ከሕመምተኛው ደም የበሽታ መከላከያ ሴሎችን ወስደን፣ ዕጢውን ለይተው እንዲያጠቁ አድርገን ለመመለስ ነው የምንሞክረው፤ ኢሚውኖቴራፒ ይባላል። የጠዋት ማስመለስና ራስ ምታት ምን ሊሆን እንደሚችል ለተማሪዎች አስተምራለሁ። ያን ቀን ግን ለጉባኤ የማቀርበውን ጽሑፍ እያረምኩ ነበር። ቀና ብዬ አላየኋትም።

እኔ ከሄድኩ በኋላ ዘይነባ ክሊኒክ ወሰደቻት። «ወንድሜ ሐኪም ነው፤ ጨጓራ ነው ብሏል» አለቻቸው። የጨጓራ መድኃኒት ሰጧት።

ከሁለት ወር በኋላ ተደወለልኝ። ሐያት ስትራመድ ትወድቃለች። የደብተሯን መስመር አታይም።

አዲስ አበባ የተኛችበት ሆስፒታል ደረስኩ። ሲቲ ስካኑን አየሁት። ዕጢ ነው። ከአንጎሏ በስተኋላ። የአንጎሏ ፈሳሽ መውጫ አጥቶ ግፊት ፈጥሯል።

ቀዶ ሐኪሟ ኮሪደር ላይ አነጋገረችኝ። «ዕጢውን እናወጣለን። የዓይኗ ነርቭ ግን ለረጅም ጊዜ ግፊት ደርሶበታል። እይታዋ የሚመለስ አይመስለኝም።»

ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አውቅ ነበር።

ዘይነባ እጄን ያዘችኝ። «ያንተ ሴሎችስ? ለሷ አይሆኑም?»

«ገና ሙከራ ላይ ናቸው፣ እህቴ። አልደረሱም።»

ዕጢው ወጣ፤ ሜዱሎብላስቶማ የሚባል የሕፃናት የአንጎል ካንሰር ነበር። ጨረሩና ኬሞቴራፒው ወራት ፈጀ፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ፀጉሯ በቀለ፣ እግሯም ጸና፣ የእናቷን ክንድ ይዛ እስከ ገበያው ድረስ መሄድ ጀመረች። ዛሬ በጣቷ ብሬል ታነባለች፤ ኤምአርአዩም እስካሁን ንጹሕ ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ብርሃኗ ግን አልተመለሰም።

ልጃችሁ ጠዋት ጠዋት የሚያስመልሰው፣ ራሱን የሚያመው፣ አረማመዱም የተለወጠ ከሆነ ቶሎ አስመርምሩት። «አንጎሉ ይታይልን» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ዘመድ ሐኪም ተቀምጦ የሚናገረው ምርመራ አይደለም። የሙያ ባልደረቦቼ ሆይ፣ የወንድማችሁን ወይም የእህታችሁን ልጅም ቢሆን ከመናገራችሁ በፊት አስነሥታችሁ አራምዱት፣ ዓይኑን እዩ።

ዘይነባ ለእንግዳ ስታስተዋውቀኝ «ልጄን ያተረፈልኝ ወንድሜ» ትላለች። ያተረፏት ቀዶ ሐኪሟ፣ ነርሶቹና ከአልጋዋ ያልተለየችው እናቷ ናቸው፤ ምስጋናዬ ለነሱ ነው። እኔ ግን ዝም ብዬ እሰማት ነበር። ይህን ከመጻፌ በፊት፣ ምልክቱን እያወቅኩ ሐያትን ቀና ብዬ ሳላያት «ጨጓራ» እንዳልኩ ነገርኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ያኔ ኮሪደሩ ላይ ፊትህን አይቼዋለሁ።»