ስንፍናዬ ዛሬ ጎባ ላይ ዐረፈ

ወዳጆቼ፣ ከባድ መርዶ ይዤ መጥቻለሁ፤ ተቀመጡ። ሁለት ዓመት አብሮኝ የኖረው ስንፍናዬ ዛሬ ጠዋት ጎባ፣ ሐኪም ፊት ዐረፈ።

ስንፍና አልነበረማ! ደሜ ተመርምሮ የታይሮይድ ሆርሞን አንሶሃል ተባልኩ። "እሱ ሲያንስ ነርቭህም ይዘገያል፤ ብትተኛም ድካሙ አይለቅህም" አለኝ ሐኪሙ። ልስመው ትንሽ ቀረኝ።

ወረቀቱን እንደ ዲግሪ ይዤ ወደ ቤታችን፣ ሮቤ ተመለስኩ። (ዲግሪ እንኳ አላውቅም፤ ከዘጠነኛ ነው ያቆምኩት።)

"ፍራሽ" የሚል ስም ያወጣችልኝ እህቴ ዘሃራ በር ላይ ነበረች። "ሆርሞን ጎድሎኝ ነው!" ብዬ ጮህኩባት።

አባቴ ከውስጥ ሰምቶ "ሆሪ ጎደለ?" እያለ ወደ በረቱ ሮጠ። በኦሮምኛ ሆሪ ከብት ነዋ! ሁለቴ ቆጥሮ ተመለሰ፤ "ሁሉም አሉ፣ አልሀምዱሊላህ!"

ዘሃራ ግን ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ አነበበች። "ዲፈማ ወንድሜ፣ አፉ በለኝ" አለችኝ። ሁለት ዓመት የጠበቅኳት ቃል! በረቱን ሦስቴ ዞርኩ፣ እየጨፈርኩ።

እናንተስ፣ ሰነፍ ተብላችሁ በሽታ ሆኖ የተገኘ አለ? ጻፉልኝ።

እውነቱን ካላችሁ ግን ያ ሁሉ መርዶ ምስር የምታክል ክኒን በየጠዋቱ በባዶ ሆድ መዋጥ ነው። አባቴም "ዋጣትና በረቱን ጥረግ" ብሎኛል።