አልጦርም ያሉት ጋሽ ሙሳ

የጋሽ ሙሳ በሽታ አንድ ነው፤ መቀመጥ። ሌላው ሰው ቆሞ ይደክመዋል፣ እሳቸው ተቀምጠው። ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ነድተዋል፤ የጣርማ በርን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ከልጆቻቸው ስም አስበልጠው ያውቁታል። ደብረ ሲና ላይ ካፖርት ደርበው፣ ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ በካናቴራ የሚወርዱ ሰው ነበሩ። ከባዱን መኪና ሲተዉ ባጃጅ ገዙ። ሮቢት ማለት ጥላ ራሱ ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ሥር የሚሸጎጥባት ከተማ ናት፤ በዚያ ሙቀት ባጃጅ የሚጠላ እግር የለም።

ከዚያ መጦር መጣ። የመጀመሪያ ልጃቸው ዘይቱና የሽንኩርት ነጋዴ ናት። አንድ ቀን ገበያ መሀል አንዲት ሴት፣ «አባትሽ በዚህ ዕድሜያቸው ሰው ያመላልሳሉ፤ ልጅ የላቸውም እንዴ?» አለቻት። ዘይቱና ያን ቀን ሽንኩርት ሳትልጥ አለቀሰች። ወንድሟ አብዱልሀኪም ወዲያው የባጃጁን ቁልፍ ኪሱ ከተተ።

ከዚያ ወዲያ ሮቢት ባለችበት ቀወት ወረዳ እንደ ጋሽ ሙሳ የተጦረ አባት አልታየም። ትራስ ከኋላ፣ ትራስ ከጎን። ውሃ ሳይጠማቸው ይቀርባል፤ ዝንብ ልታርፍባቸው ገና ስታስብ ትባረራለች። ብድግ ካሉ ከየጓዳው «አባባ፣ ቁጭ ይበሉ!» የሚል ድምፅ ይወጣል። ጎረቤቱ ሁሉ ልጆቹን ይመርቃል። ጋሽ ሙሳ ደግሞ ዶሮ የሚያድርበትን ባጃጃቸውን እያዩ፣ «ማረሚያ ቤት ያለ ሰው እንኳ የሚፈታበትን ቀን ያውቃል» ይላሉ በሆዳቸው። ባፋቸውማ አይሉም፤ አባት በልጁ ካማረረ ከእርግማን ይቆጠራል። ቁልፋቸውን ይፈልጋሉ፣ ልጆቻቸውን ማዋረድ አይፈልጉም። በሁለቱ መሀል ቀኝ እጃቸው ጭናቸውን ይመታል፣ ግራ እግራቸው የሌለ ፍሪሲዮን ይረግጣል።

ሚሌኒየሙ በተከበረ በዓመቱ ናርዶስ የምትባል ልጅ ከአዲስ አበባ የጥያቄ ወረቀት ይዛ መጣች። ልጆች ወላጆቻቸውን፣ ወላጆችም ልጆቻቸውን እንዴት እንደሚረዱ በብዙ አገር አንድ ዓይነት ጥያቄ እየጠየቁ የሚያወዳድሩ ሰዎች ናቸው የላኳት። ዕጣው ለጋሽ ሙሳ ወጣ።

«ያ መሥሪያ ቤቱን ሁሉ ያመሰው ቢፒአር እቤት ድረስ መጣ እንዴ?» አሉ ጎረቤታቸው እትዬ ጽጌ፣ ወንፊት ሊዋሱ ገብተው።

«ጥናት ነው እማማ። ግን አባባን ለብቻቸው ነው የምጠይቃቸው፤ ሌላ ሰው መኖር የለበትም።»

«ለብቻቸው? ምን አጥፍተው?»

ሮቢት ውስጥ ሬሳ እንኳ ለብቻው አይተውም። እንግዳ መጥታ ሽማግሌውን ጥሎ መውጣት ነውር ነውና፣ ናርዶስ «ለብቻ» ባለች ቁጥር ሰው ጨመረ። «ወንፊት ልዋስ» ብሎ ከሚገባው ሰው ብዛት የከተማው ዱቄት ሁሉ በአንድ ቀን የሚነፋ ይመስል ነበር። ዘይቱናም ማንጎ በሳህን ይዛ ከአባቷ አጠገብ ተተከለች።

«ልጆችዎ ምን ያህል ጊዜ ያዩዎታል?» አለች ናርዶስ።

«ስተኛም ያዩኛል» አሉ ጋሽ ሙሳ።

«ቢታመሙ ማን ያስታምምዎታል?»

«መታመም መች ይፈቀድላቸውና!» አሉ እትዬ ጽጌ። ሰዉ ሳቀ። ጋሽ ሙሳ ብድግ አሉ። «አባባ፣ ቁጭ ይበሉ!» አለች ዘይቱና። ቁጭ አሉ።

«ልጄ፣ ሌላ አገር ያለው ሽማግሌስ ምን አለ?» አሉ ናርዶስን።

ናርዶስ መናገር አልነበረባትም፤ የሮቢት ሙቀት ግን ደንብ ያቀልጣል። «ሩቅ ባለ አንድ አገር፣ ብዙ ሽማግሌዎች ለብቻቸው ነው የሚኖሩት። ልጆቻቸው በሳምንት አንዴ ይደውላሉ። ገበያም ራሳቸው ነድተው ነው የሚሄዱት።»

ግቢው ለቅሶ ቤት መሰለ። እትዬ ጽጌ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «አላህ ይሰውረን!» አለች ዘይቱና፣ የአባቷን ትራስ እያስተካከለች።

ጋሽ ሙሳ ግን ትራሱን ገፍተው ተነሡ። «ራሳቸው ነድተው?»

«አዎ።»

«ቁልፉስ ማን ጋ ነው የሚውለው?»

«እነሱው ጋ ነዋ።»

«ኪሳቸው ውስጥ?»

«ኪሳቸው ውስጥ።»

«ማሻአላህ! ምን ያለች የተባረከች አገር ናት!»

ማንጎ የሚያላምጠው ሁሉ ማላመጡን አቆመ። ናርዶስ ደንግጣ ቀጣዩን ጥያቄ አነበበች፤ «ከልጆችዎ የሚያገኙት እርዳታ ያንስዎታል፣ ይበቃዎታል፣ ወይስ ይበዛብዎታል?»

ጋሽ ሙሳ ዘይቱናን አዩ። «ይበቃኛል» ቢሉ ሰው መርቆ ይበተናል፤ እሳቸው ወንበራቸው ላይ፣ ቁልፉ አብዱልሀኪም ኪስ ውስጥ እስከ ዕለተ ሞት። «ይበዛብኛል» ቢሉ ነገ ልጃቸው ሽንኩርት ተራ ላይ አንገቷን ትደፋለች። ግራ እግራቸው ፍሪሲዮኑን ደጋግሞ ረገጠ።

«ይበዛብኛል» አሉ።

የዘይቱና ሳህን መሬት ወረደ። «ምን አጎደልንብዎት አባባ?»

«መጉደሉን ነዋ ያጎደላችሁብኝ! አንድ ነገር ይጉደልብኝና ወጥቼ ልፈልገው። አልሀምዱሊላህ፣ የማይሰስት ልጅ ወልጃለሁ። 'ጧሪ ቀባሪ ይስጥህ' ተብዬም ተመርቄያለሁ፤ ግን ሁለቱን ባንድ ጊዜ አላልኩም!»

ወሬው አብዱልሀኪምን ከሱቁ ሳይጠሩት አመጣው። ወሬው መንገድ ሲሻገር አድጎ «ወደዚያች አገር ሊሄዱ ነው» ሆኖ ኖሮ፣ ልጁ እያለከለከ ገብቶ፣ «ፓስፖርቱን ማን አወጣልዎት?» አለ።

«የምን ፓስፖርት? የባጃጄን ቁልፍ ነው የምፈልገው!» አሉ ጋሽ ሙሳ።

«ጧሪ አጥተው ባጃጅ ነዱ ሊባል ነው!» አለች ዘይቱና። «ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ ይሳፈራል! ፀሐዩን አታዪም?»

«እውነታቸውን ነው» አሉ እትዬ ጽጌ። «እሳቸው ከተቀመጡ ወዲህ እኔም ወፍጮ ቤት በእግሬ ሆኛለሁ።»

ዘይቱና ግቢውን የሞላውን ሰው ቃኘች። ነጋዴ ናትና ኪሳራው በየት በኩል እንደሚመጣ ቶሎ ገባት፤ ይህ ሁሉ አፍ ከእሷ ቀድሞ ገበያ ከደረሰ አለቀላት። እጇን ወንድሟ ኪስ ውስጥ ከትታ ቁልፉን መዥረጥ አደረገችው።

«እንግዲያው ለሚሳፈረው ሁሉ፣ 'ልጆቼ እግሬ ላይ ወድቀው ለምነውኛል፣ እምቢ ያልኩ እኔ ነኝ' ብለው ይንገሩ።»

«ወላሂ፣ ሒሳብ ሳልቀበል እነግራለሁ!»

«አላምንዎትም። እኔም አብሬ እገባለሁ።»

ዶሮዎቹ እየተንጫጩ ተባረሩ። ናርዶስም ጥያቄዋ አላለቀምና ከዘይቱና ጎን ተሸጎጠች። ባጃጁ አስሎ አስሎ ተነሣ። አውራ መንገዱን ሲይዙ ዘይቱና አንገቷን አውጥታ፣ ሰላም ላላትም ላላላትም፣ «እምቢ ብለውን ነው! ለምነናቸዋል!» ትል ጀመር።

«አባባ!» ጮኸች ናርዶስ፣ ብዕሯ ወረቀቱ ላይ እየዘለለ፤ «ከልጆችዎ ጋር የማይስማሙበት ነገር አለ?»

«ቆዪ፣ ይቺን አይሱዙ ልለፋት!»

«አባባ፣ ሽንኩርት ተራው አለፈን! ያቁሙ እንጂ!» አለች ዘይቱና።

ጋሽ ሙሳ አልሰሙም፤ ወይም አልሰማሁም አሉ። ባጃጁ መናኸሪያውንም፣ የመጨረሻውን ሆቴልም አልፎ፣ ከከተማ ወጥቶ፣ አፍንጫውን ራቅ ወዳለችው ካራቆሬ ከተማ አቅንቶ ነበር።