በናሙና የላክሁት መድኃኒት

መጀመሪያ ያየሁት ምልክት መቆም ነበር። ወንድሜ አያሌው ከጎጃም መጥቶ፣ ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ እስከ ሱቄ ድረስ አራት ጊዜ ቆመ። በቆመ ቁጥር የሆነ ዕቃ ይነካል፤ አንዱ ጋ ባልዲ፣ አንዱ ጋ ብርድ ልብስ። እኔ ዕቃ የሚያይ መስሎኝ "ወንድም ጋሼ፣ ሱቅ ያላት እህት እያለችህ የሰው ሱቅ ምን ያስዞርሃል?" ብዬ ቀለድኩበት። ሳቅ ብሎ ተከተለኝ። ትንፋሹን እየሰበሰበ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

የሃምሳ ስምንት ዓመት ገበሬ ነበር። ቀኑን ሙሉ ዳገት ሲወጣና ሲወርድ ውሎ ማታ ደከመኝ የማይል ሰው። አባታችን ሲሞት እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩና ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ወንዝ ሲሞላ በትከሻው አሻግሮ ትምህርት ቤት ያደርሰኝ ነበር። ስኳርና ደም ብዛት እንዳለበት ካወቅን ስድስት ዓመት ሆኖን ነበር።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ገጠር ውስጥ የታመመ ዘመድ ኖሯቸው ከዚህ ከተማ መድኃኒት ለሚልኩ ሰዎች ነው። ስለዚህ ጥፋቴን ሳልሸፋፍን ልናገር።

ስሜ ውዴ ነው፤ መርካቶ፣ አንዋር መስጊድ አካባቢ ጨርቅ እሸጣለሁ። የእኛ ሥራ በናሙና ነው። የክፍለ ሀገር ደንበኛ ሁልጊዜ ራሱ አይመጣም፤ ከጣቃው ጫፍ መዳፍ የምታክል ቁራጭ ቆርጦ በአውቶቡስ ሾፌር ይልካል፣ እኔ ቁራጯን ከመደርደሪያው ጋር አመሳስዬ ያንኑ ዓይነት እልክለታለሁ። ቀለም ስቼ አላውቅም፤ በዚህ እኮራለሁ። ታዲያ አንድ ቀን በዚያው አውቶቡስ ከወንድሜ ባዶ የኪኒን ማሸጊያዎች መጡልኝ። ጤና ጣቢያው የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ያን ሁሉ ሄዶ መድኃኒቱ አልቋል ብለውት ነበር። ማሸጊያዎቹን ይዤ ፋርማሲ ሄድኩ። አንዱ የስኳሩ ሜትፎርሚን፣ አንዱ የደም ብዛቱ ኢናላፕሪል። አመሳስዬ ገዝቼ ላክሁለት። ሲያልቅበት ደግሞ ባዶውን ላከ፣ እኔም ሙሉውን ላክሁ። እንዲህ እያልን ሦስት ዓመት ሞላን።

አንድ ጊዜ ፋርማሲስቱ "እትዬ፣ በሽተኛው በቅርቡ ታይቷል? አዲስ ማዘዣ ያስፈልገዋል" አለኝ። ተቆጣሁት። "ማሸጊያው ይኸው፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?" ብዬ ወጣሁና ሌላ ፋርማሲ ገባሁ። ምላሴ ስለታም ነው፤ በዚህ ገበያ ብዙ ጊዜ ጠቅሞኛል። ያን ቀን ግን ምነው ተሳስሮ በቀረ።

ወንድሜ የመጣው ለልጁ ሠርግ ልብስ ሊገዛ ነበር። በመጣ በማግስቱ ጠዋት፣ እኔ ቤት ወደተኛበት ክፍል ስገባ ትራሶቹን ደራርቦ፣ ቁጭ እንዳለ ነው ያደረው። "ስጋደም ያፍነኛል" አለኝ። የከተማው ጭስ ነው አልኩት። እግሩ አብጦ ጫማው አልገባ አለው። አውቶቡስ ላይ ብዙ ተቀምጠህ ነው አልኩት። ለሁሉም መልስ ነበረኝ።

ዓርብ ዕለት፣ ቀትር ላይ፣ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ላብ አጠመቀው። ፊቱ አመድ መሰለ። ደረትህን ያምሃል ወይ ብዬ ደጋግሜ ጠየቅሁት። "ደረቴን አይደለም። ያቅለሸልሸኛል" አለ። ስኳሩ የወረደ መሰለኝ። ለስላሳ አጠጣሁት። አስመለሰው።

የጎን ሱቅ ጎረቤቴ ሐጂ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው፤ ቅመም ይሸጣሉ። ለጁምዓ ሊሄዱ ሱቃቸውን ሲዘጉ አዩት። መጥተው ግንባሩን ዳሰሱ። "ውዴ፣ ይህ የሆድ ላብ አይደለም። ታላቅ ወንድሜ የሞተው እንዲህ አልቦት ነው። ተነሺ" አሉኝ። መንገዱ በሰጋጅ ሞልቷል። መኪና አይገባም፣ አይወጣም። ሐጂ አንድ ተሸካሚ ጠሩ። ሰውየው ወንድሜን አዘለው። እኔ ጫማውን ይዤ ከኋላ። ሐጂ ከፊት ሆነው "አሳልፉን፣ በሽተኛ ነው" እያሉ በጠርዝ በኩል መሩን። ሰዎቹ ምንጣፋቸውን እያጠፉ አሳለፉን። ዋናው መንገድ ላይ ታክሲ አገኘን። ሐጂም አብረውን ገቡ። ጁምዓቸው አመለጣቸው።

ሆስፒታል ስንደርስ የልቡን ምት በኢሲጂ አነሡት። ደም ወሰዱ። ኦክስጅን አደረጉለት። እኔን ውጭ አስቀሩኝ።

ማምሻውን አልጋው አጠገብ ያናገረችን ሐኪም ወጣት ናት፤ ረጋ ብላ ነው የምትናገረው። "ለልቡ ደም የሚያደርሰው ሥር ተዘግቷል። ሀርት አታክ ነው። ይህ ደግሞ የመጀመሪያው አይመስልም፤ በኢኮው፣ በልብ አልትራሳውንዱ ላይ የቆየ ጉዳት ይታያል። ልቡ ደክሟል" አለች።

"ደረቱን እኮ አላመመውም" አልኳት።

"ስኳር ብዙ ዓመት ሲቆይ ነርቭ ይጎዳል፤ ሕመሙ ላይሰማው ይችላል። በትንፋሽ ማጠር፣ በላብ፣ በማቅለሽለሽ ብቻ ሊመጣ ይችላል።" ከዚያ ጠየቀች። "የደም ግፊቱ ለመጨረሻ ጊዜ የተለካው መቼ ነው?"

ወንድሜ እኔን አየኝ። እኔ መሬት መሬቱን።

"ሦስት ዓመት ይሆነዋል" አልኩ።

"መድኃኒቱን ማን ነው የሚያዝለት?"

"እኔ ነኝ የምልክለት። አንድ ቀን አልተቋረጠበትም።"

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ይህ መጠን የታዘዘው ለያኔው ግፊቱ ነው" አለች። "ዛሬ ሲገባ መቶ ዘጠና በመቶ አሥር ነበር። መድኃኒቱን እየወሰደም ግፊቱ ሲጨምር ኖሯል፤ የሚለካው ስላልነበረ ማንም አላወቀም። የስኳሩ መጠን፣ ኩላሊቱ፣ ኮሌስትሮሉ፣ ሁሉም በየጊዜው መታየት ነበረበት።"

ወንድሜ ኦክስጅኑን ከአፍንጫው ገለል አድርጎ "ዶክተር፣ እሷን ይተዉአት። ደግ ስታደርግልኝ ነው" አላት።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን ወጣና ሁለት ወር ተኩል እኔ ቤት ተቀመጠ፤ ያ ጊዜ ከሐዘኔ መሀል የማልለውጠው ነው። ጠዋት ተነሥቶ ሽንት ቤት ደርሶ እንደተመለሰ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ ከጨመረ ውሃ እየያዘ ነው ማለት ነውና ሐኪሟ ጋ እንድደውል ታዝዣለሁ። ውሃ የሚያስወጣውን ላሲክስ፣ አስፕሪኑን፣ ለኮሌስትሮሉ የታዘዘውን አቶርቫስታቲን፣ መጠኑ የተስተካከለውን የግፊትና የስኳር መድኃኒት በየሰዓታቸው እሰጠዋለሁ። ጨው ከቤት ወጣ። በርበሬ ሲዘጋጅ ጨው እንደሚገባበት እንኳ ልብ ብዬ አላውቅም ነበር፤ ሐጂ ሰይድ ናቸው አስታውሰውኝ ጨው የሌለው ለብቻ አስፈጭተው ያመጡለት። በኋላ እየበረታ ሲሄድ ሱቅ ይዤው እመጣለሁ፤ ከእኔ በር እስከ ሐጂ በር፣ ሲለምድ ደግሞ እስከ ደረጃው ድረስ፣ ከተሸካሚ ጋር እንዳይጋጭ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ይራመዳል። "ልብህ እንዴት ዋለ?" ስለው "የመርካቶ ሰው ሆኗል፤ ትንሽ ይሠራል፣ ብዙ ያወራል" ይለኝና ሁለታችንም እንስቃለን።

የካቲት ላይ አገሬ ካልገባሁ አለ። ሐኪሟ ክትትሉን የወረዳው ሆስፒታል እንዲቀጥል ደብዳቤ ጻፈችለትና በየወሩ ይሄድ ጀመር፤ በመሀል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤቱ ድረስ እየመጣች ትለካው ነበር። ሠርጉ ወደ ሚያዝያ ተዛውሮለት ልጁን ዳረ። አልጨፈረም፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ አጨበጨበ። ዕርፍ ግን ከዚያ በኋላ አልጨበጠም። በሬዎቹን ሌላ ሰው ሲጠምድ ደጅ ሆኖ ያያል። ይህ ከበሽታው ይልቅ ሰብሮታል፤ በስልክ ድምፁ ያስታውቅ ነበር።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ጠዋት ጥሩ የምትባለው ሚስቱ ደወለች። ድምጿን ስሰማ አወቅሁ። ያን ጠዋት ወንድሜ እንደ ወትሮው ተነሣ። ፊቱን ታጠበ። ኪኒኑን ዋጠ። ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ስትጠራው አርፎ ነበር። የደከመ ልብ በድንገት ምቱ ሊዛባ እንደሚችል ሐኪሟ አስቀድማ ነግራን ነበር። አውቅ ነበር። ማወቄ ምንም አላቀለለልኝም።

ለአርባው ተዝካር ስሄድ ለቀስተኛው እኔን ያመሰግን ያዘ። "እህት ማለት እንዲህ ናት፤ ያን ሁሉ ዘመን መድኃኒት ሳታጓድልበት" ይላሉ ሽማግሌዎቹ። ጥሩን ጓዳ ይዣት ገባሁና ሁሉንም ነገርኳት፤ ናሙናውን፣ ያመናጨቅሁትን ፋርማሲስት፣ ሐኪሟ ያለችውን። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን "ጤና ጣቢያ ልሂድ ባለ ቁጥር 'ውዴ ልካልህ የለም ወይ፣ ምን ያንከራትትሃል' እያልኩ የመለስኩት እኔ ነኝ" አለችኝ። ተቃቅፈን አለቀስን። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። እኔ በእሷ አልፈርድ፣ እሷ በእኔ አትፈርድ፤ እሱም ይቅር የሚለን የለ።

በማግስቱ ጥሩን ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ራሷን ዓመታት ሙሉ ሲያማት የምድጃ ጭስ ነው ስትል ኖራለች። የግፊቷ የላይኛው ቁጥር መቶ ሰባ ስምንት፣ የታችኛው መቶ ሆነ። እኔም አብሬ ተለካሁ፤ እኔም አለብኝ።

የተሸከመውን ሰው ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም፤ ባለበት እግዜር ይስጠው። ሐጂ ሰይድን፣ ያቺን ሐኪም፣ በጭቃ እየተመላለሰች ትለካው የነበረችውን የጤና ኤክስቴንሽን ልጅ በዕድሜዬ ሁሉ አመሰግናለሁ። እናንተ መድኃኒት የምትልኩ፣ መላኩን አትተዉ፤ ግን በሽተኛው ሳይታይና አዲስ ማዘዣ ሳይጻፍለት አትላኩ። ስኳር ያለበት ሰው ዳገት ላይ መቆም ካበዛ፣ ቁጭ ብሎ ካደረ፣ እግሩ ካበጠ፣ ያለ ምክንያት ካላበው፣ ደረቱን ባያመውም ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ። እንደኔ ምክንያት አታብዙ።

ጥሩ በየወሩ ተለክታ ስትወጣ እዚያው ደጅ ቆማ ትደውልልኛለች። ሰላምታውን ሳትጨርስ ቁጥሩን ትነግረኛለች። ያለፈው ወር መቶ ሠላሳ አራት በሰማንያ ሁለት ነበር። ወንድሜ ጋ በእነዚያ ሦስት ዓመታት ስንቴ ደውዬ ይሆን? ኪኒኑ ደረሰህ ወይ እለዋለሁ፣ ደረሰኝ ይለኛል፣ እዘጋለሁ። ቁጥሩን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁትም።