የኬኩ ሙሽሮች ሰማያዊ ካባ

ኬክ ላይ የሚቆሙ ሙሽሮችን ቀለም የምቀባው መርሳ ከተማ፣ በእናቴ ቤት በረንዳ ላይ ነው። ወልድያ ያለ አንድ አናጢ አውራ ጣት የሚያህሉ ወንድና ሴት ከእንጨት ይቀርጽልኛል። እኔ ፊትና ልብስ አወጣላቸዋለሁ፤ ኬክ ቤቶች ይወስዷቸዋል። ማንም አላስተማረኝም፤ ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ነው የለመድኩት።

ጥር ሊገባ ሲል የቀድሞ እጮኛዬ ታላቅ እህት ቤታችን መጣች። ወንድሟ ሽማግሌ ልኮ፣ እሺ ተብሎ፣ የሰርጋችን ቀን ሊቆረጥ ሲል ነበር ጦርነቱ የደረሰው። «ትንሽ እንታገሥ» አለኝ፤ ታገሥኩ። ሰላም ሲሆን ወልድያ ሥራ አገኘና ስልኬን ማንሳት ተወ። ሌላ ልጅ ማጨቱን የሰማሁት ከሰው ነው።

እህቱ ስልኳን አውጥታ የካባ ፎቶ አሳየችኝ። ጥቁር ሰማያዊ ከፋይ ነው፤ ጠርዙ በወርቃማ ክር ተጠልፏል።

«ለመልሱ የሚለብሱት ነው። ሙሽራዋ ኬኩ ላይ ያሉትም ይህንኑ ይልበሱ ብላለች። ካንቺ ሌላ ማን ይሠራዋል?»

«እትዬ፣ የማን ሰርግ እንደሆነ አውቃለሁ እኮ» አልኳት።

«ያለፈው አለፈ የኔ ልጅ። አንቺ ደግሞ ቂም አታውቂም።»

እሺ አልኳት። እናቴ ከጓዳ ሆና ሰምታ ኖሮ፣ እንግዳዋ ስትወጣ «አንቺስ ሰው አይደለሽም?» አለችኝ። ለምን እሺ እንዳልኩ ስጠየቅ «ሥራ ነው» እላለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ያኔ እጮኛዬ ሳለ በረንዳው ላይ አጠገቤ ተቀምጦ ስቀባ ያየኝ ስለነበር፣ ኬኩን ሊቆርስ ጎንበስ ሲል እጄን እንዲያውቀው ፈልጌ ነው።

ሰማያዊ አስቸጋሪ ቀለም ነው። ነጭ ሲጨምሩበት ኖራ ይመስላል፤ ጥቁር ሲጨምሩበት ይሞታል። የመርሳ ሙቀት ደግሞ ብሩሹ ላይ እንዳለ ያደርቀዋል። መጀመሪያ የቀባሁት ካባ እጥፋቱ ላይ ጥላና ብርሃኑ አልዋሐድ ብሎ መስመር መስመር ሠራ። ፍቄ እንደገና ጀመርኩ። ባዶ የሰርዲን ቆርቆሮ ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ አድርጌ፣ በላዩ ወረቀት አንጥፌ፣ ቀለሙን እዚያ ላይ በውሃ አቀጠንኩት። ብሩሹን ጨርቅ ላይ ጠረግ አድርጌ አንድ ስስ እጅ እቀባለሁ፤ እስኪደርቅ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ሌላ። ወደ ጥላው ሲሆን ትንሽ ወይን ጠጅ፣ ወደ ብርሃኑ ሲሆን ትንሽ ነጭ እጨምራለሁ። በመጨረሻ ውሃ የሚመስል ንጹሕ ሰማያዊ በሁሉም ላይ አሳለፍኩ። ጥላው የት እንዳበቃ፣ ብርሃኑ የት እንደጀመረ መለየት አቃተኝ። እንደዚያ ያለ ሰማያዊ ከዚያ በፊት ወጥቶልኝ አያውቅም። ደስ አለኝ፤ ደስ ማለቴ ደግሞ አናደደኝ።

የሷን ካባ ጨርሼ የሱን ፊት ያዝኩ። ፎቶ አላስፈለገኝም።

እህቱ ልትወስድ መጥታ መዳፏ ላይ አድርጋ አየቻቸው። «እጅሽ ይባረክ» አለችኝ። በሩ ጋ ስትደርስ ግን ቆም አለች።

«አደራ፣ ለሰዉ ከአዲስ አበባ አስመጣን ነው ያልነው። የሙሽራዋ ዘመዶች ነገር እንዳያነሡ።»

«እሱስ?»

«እሱም እንደዚያው ነው የሚያውቀው። አሁን ማወቁ ምን ያደርግለታል?»

ቀስ አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከታቻቸውና ሄደች።

የሰርጉን ፎቶ ጎረቤታችን አሳየችኝ። አንዱ ላይ ሙሽሮቹ ኬኩ መሐል ቆመዋል፤ በሌላው እሱ ቢላዋውን ይዞ ወደ ካሜራው ይስቃል። ከሥሩ የኔዎቹ ክሬም ነክቷቸው፣ ሳህን ጠርዝ ላይ ተጋድመዋል።

ከፋሲካ በኋላ ልጃቸውን የሚድሩ አንዲት እናት ያንኑ የኬክ ፎቶ ይዘው ከሐራ መጡ።

«እንዲህ ያለ ሰማያዊ ትችያለሽ ልጄ? ይኼ እንኳ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው አሉ።»

«እሞክርልዎታለሁ» አልኳቸው።

ሞከርኩ። ቀለሙ ያው ነበር፤ እጄ ግን ቸኮለ፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን ደረብኩበት። ሴትዮዋ ሊወስዱ ሲመጡ ወደ ብርሃን አዙረው አዩት።

«ደህና ነው» አሉ። «ያኛው ግን ይለሰልሳል።»

ልክ ነበሩ። በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠኋቸው።