አባቴን ለማውረድ ያለሰለስናት ጂፕ

ባለፈው መስቀል ልጄ ማርታ በአዲሷ መኪናዋ ወደ ጨንቻ ይዛኝ ወጣች። መኪናዋን ከገዛች ጀምሮ ከእኔ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምቾቷን እንዳደንቅላት። ከአርባ ምንጭ ወጥተን፣ ሐይቁን በስተቀኝ አድርገን ጥቂት እንደተጓዝን ወደ ግራ ታጥፈን ዳገቱን ተያያዝነው። ጨንቻ ልንደርስ ስንል አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገባን። እኔ በልማዴ የበሩን እጀታ ጨብጬ፣ ጥርሴን ገጥሜ ነበር። ምንም አልሆንኩም። መኪናዋ ዝቅ ብላ ከፍ አለችና አለፈች።

«አየሃት አባዬ? አልጋ ላይ የተኛህ አይመስልህም?» አለችኝ።

«አልጋ ናት» አልኳት። እውነቴን ነው።

ዐይኔ ግን ከፊታችን ባለው መታጠፊያ ላይ ነበር። በወጣትነቴ እኔም እዚህ ቁልቁለት ላይ አልጋ የምትመስል መኪና ይዤ ነበር። ማርታ ያኔ አልተወለደችም፤ እናቷንም ገና አላወቅኳትም።

ጊዜው የሰማንያዎቹ ማብቂያ ገደማ ነው። ተመርቄ በወጣሁ በዓመቱ፣ ከአርባ ምንጭ ወጣ ብላ ባለችው ጫኖ ላይ የመስኖ ቦይ በሚያሠራ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ቀኑን ሙሉ በሙዝና በማንጎ ተክል መካከል ቦይ ስለካ እውላለሁ። ሙቀቱ ቀትር ላይ ሸሚዝ ያስወልቃል። ቁርሴ ሙዝ ነው፣ ምሳዬም ብዙ ጊዜ ሙዝ ነው፤ ማታ ከተማ ስመለስ ዓሣ እበላለሁ። ጣዕሙን አሁን አስታውሰዋለሁ እንጂ ያኔ ልብ አልለውም ነበር።

ልብ የማልለው ምግቡን ብቻ አልነበረም። እናቴ ያረፈችው እኔ የመጨረሻ ፈተና ላይ ሳለሁ ነው። የጨንቻ መንገድ በዝናብ ተቆርጦ ስለነበር መልእክቱ የደረሰኝ ከተቀበረች በኋላ ነው። ስደርስ መቃብሩ ላይ የተጎዘጎዘው ሣር ጠውልጓል። አክስቴ አንገቴን አቅፋ ስታለቅስ ትከሻዋን መታ መታ አደረግሁላት፤ እኔ ግን እንባ አልወጣኝም። ሰው «ወንድ ነው፣ ችሎ ነው» አለ። አልቻልኩም፤ አልተሰማኝም። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያወራኝ እሰማለሁ፣ ስበላ እጠግባለሁ፣ ሲሳቅ እስቃለሁ። ደስታውም ሐዘኑም ግን የሌላ ሰው ነበር።

በዚህ ላይ አባቴ ተሰበረ። እኛ አገር ቤት እንዳለ ተነሥቶ ይሄዳል። ቤቱ ከቀርከሃ የተጎነጎነ ረጅም ቤት ነው፤ ምስጥ ግርጌውን ሲበላው የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ተሰብስቦ ያነሣውና እየዘፈነ አዲስ ቦታ ያስቀምጠዋል። የአንድ ጎረቤታችን ቤት ሊያርፍ ሲል የአባቴ እግር ጭቃው ላይ ከዳው፤ የቤቱ ጠርዝም ጭኑ ላይ አረፈ። በመሥሪያ ቤቴ ጂፕ አውርጄ ሆስፒታል አስገባሁት። በጀሶ አስረው ጥቂት ሳምንታት አስተኝተውት ወደ ቤቱ ሰደዱት፤ ግን ተመልሶ መጥቶ ቀዶ ሕክምና እንዲደረግለት አዘዙ። አጥንቱ ያለቦታው መያዝ ጀምሯል፤ ካልተስተካከለ እግሩ ዳግመኛ አይታጠፍም አሉኝ።

አባቴ ሸማኔ ነው። ሸማኔ ጉድጓዱ ዳር ተቀምጦ በሁለት እግሩ ካልረገጠ ሸማው አይሠራም። አንድ እግር ቀረ ማለት ሥራው ቀረ፣ ቀኑም ቀረ ማለት ነው።

ግን አሻፈረኝ አለ። ያቺ ጂፕ ትንሽና ጠንካራ ነበረች፤ ከፊት ሁለት ወንበር፣ ከኋላ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት አግዳሚዎች። ጭቃ አይዛትም፣ ዳገት አይበግራትም፤ ለሰው ወገብ ግን ርኅራኄ የላትም። በዚያ የድንጋይ ቁልቁለት ስናወርደው አባቴ ጋቢውን ነክሶ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ነበር የደረሰው። ስናወጣውም እንደዚያው። ቤት ገብቶ እንደተኛ በጋሞኛ እንዲህ አለኝ፦

«ዳግመኛ በዚያች መኪና አልሄድም። እግሬ ጠምሞ ይቅር።»

አንዴ ካለ አይመለስም። እኔም አልተከራከርኩትም። መከራከር ራሱ ስሜት ይጠይቃል።

ነገሩን ጉዳዬ ብሎ የያዘው የመሥሪያ ቤታችን መካኒክ ጋሽ ታደለ ነው። ናዝሬት ተወልዶ ያደገ፣ ትልቅ ሆድና ከሆዱ የሚበልጥ አፍ ያለው ሰው። መኪና ሲፈታ ይዘፍናል፣ ሲገጥም ይሳደባል።

«አባትህ ትክክል ናቸው» አለኝ። «እቺ ለጆንያ የተሠራች ናት። ስጠኝ፣ አልጋ አደርግልሃለሁ። እንቁላል ጭነህ ብትወርድ አንዱ አይሰነጠቅም!»

አለቃችን «ስትጨርሱ እንደነበረች መልሷት» ብሎ ፈቀደ። ጋሽ ታደለ ጂፗን በክሪክ አነሣና ከሥሯ ገባ። ክብደቷን የሚሸከሙትን የኋላ ባሌስትራዎች አውርዶ ተደራርበው ከታሰሩት የብረት ልባጦች ከየጎኑ አንዱን አወጣ። የቀሩትን ዝገታቸውን ፈግፍጎ ግራሶ ቀባቸው። ደርቀው የተሰነጣጠቁትን የመጋጠሚያ ላስቲኮች፣ ቦኮላዎቹን፣ በአዲስ ለወጠ፤ ንዝረት የሚውጡትን አሞርዛተሮች ጥሎ ከቆመ ሌላ መኪና የፈታቸውን ገጠመላት። በመጨረሻ የጎማውን አየር ቀነስ አደረገ። አንዱን አግዳሚ አውጥተን በቦታው ፍራሽ አነጠፍን።

እኔ በበኩሌ አሰላሁ። የተማርኩት እሱን አይደል? አንድ በሽተኛ ተኝቶ፣ አንድ ሹፌር፣ አንድ መካኒክ። የአባቴን ክብደት ገመትኩ፣ ባሌስትራው ምን ያህል እንደሚለጠጥ አየሁ፤ ከበቂም በላይ ነበር። ጋሽ ታደለም በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። የእሱ እንኳ ይሁን፣ የናዝሬት ልጅ ነው። እኔ ግን እዚያው ተራራ ላይ የተወለድኩ፣ አንድ በሽተኛ ሲነሣ ስንት ሰው አብሮ እንደሚነሣ ሳይ ያደግሁ ልጅ ነኝ። እንዴት እንዳልታየኝ ዛሬም ይገርመኛል።

ልንሞክራት ወደ ጫኖ ሄድን። ጋሽ ታደለ ፍራሹ ላይ በጀርባዬ እንድተኛ አዘዘኝና የእርሻውን መንገድ ጉድጓድ እየመረጠ ነዳት። የዝናቡ ወራት ገና አልገባም፤ አቧራው በሸራው ቀዳዳ ይገባል፣ የበሰለ ማንጎ ይሸታል። መኪናዋ ታወዛውዘኛለች እንጂ አትመታኝም። ሲያቆም እንቅልፍ ወስዶኝ አገኘኝ።

«ተኛህ! በአምላክ፣ ተኛ እኮ!» ብሎ ጣሪያውን ደበደበው። ደስ ብሎት እንባው መጣ። እኔ ደስ ብሎኝ አልነበረም የተኛሁት።

በማግስቱ በማለዳ ጨንቻ ወጣን። ጉም ነበር፤ እንሰቱ ሁሉ ያንጠባጥባል። አባቴን «መኪናዋ ተለውጣለች፣ እኔው ተኝቼባታለሁ» አልኩት። ረጅም ጊዜ አየኝና «አንተ ተኝተህ?» አለ። ከእናቴ ሞት በኋላ እንቅልፍ እንደማይወስደኝ ያውቃል። «እሺ» አለ።

በቃሬዛ አምጥተው ፍራሹ ላይ አሳረፉት። ከዚያ እኔና ጋሽ ታደለ ዘወር ብለን የፊቱን በር እስክንከፍት ድረስ ጂፗ ሞላች። አክስቴ ቆጮ በኮባ ጠቅልላ እራስጌው ተቀመጠች። ሁለት የአባቴ ወንድሞች እግርጌው ገቡ። ጎረቤቱ፣ ያ ቤቱ የተነሣለት ሰውዬ፣ በቅል ወተት ይዞ በአግዳሚው ላይ ተጣበቀ። ሦስት ጎልማሶች ከኋላ ተንጠለጠሉ። የቀሩት በእግር በአቋራጭ ሊወርዱ ተነሡ።

«ኧረ ሰዎች! መኪናዋ እኮ ለእሳቸው ብቻ ነው የተሠራችው! ውረዱ!» አለ ጋሽ ታደለ።

የአክስቴ አማርኛ የገበያ አማርኛ ነው፤ ወንድና ሴት አይለይም። «አንተ ልጅ» አለችው፣ «ወንድሜ ብቻዋን ትሂድ? ሬሳ ናት እንዴ ብቻዋን የምትጫን?»

ጋሽ ታደለ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ሞተሩን አስነሣሁ። ይህን ሰው ውረድ የሚል አፍ ከየት ይምጣ?

የመጀመሪያው ድንጋይ ላይ ነገሩ ለየለት። የሳሳው ባሌስትራ በዚያ ሁሉ ሰው ሥር ተለጥጦ አልቆ ነበር፤ የሚሸሽበት ቦታ ስለሌለው ብረት ከብረት ተጋጨ። ከበፊቱ የከፋ ነበር። አባቴ ባለፈው ጊዜ ያልጮኸውን አሁን ጮኸ። ድምፁን ሰማሁ፣ መሪውን ያዝኩ፣ ፍሬን ረገጥኩ። የሌላ ሰው እጅና እግር ያደርጉት እንደነበር አስታውሳለሁ።

ከማርታ መኪና ሆኜ ያየሁት ያ መታጠፊያ ላይ ነው ያቆምነው። ጋሽ ታደለ ባርኔጣውን አውልቆ አባቴ እግር ሥር ተንበረከከ ማለት ይቻላል። «አባባ፣ ሁሉም ይውረዱና አንዴ ብቻ ይሞክሯት። አንዴ! እኔ ነኝ የምለምንዎት።» ተረጎምኩለት። አባቴ በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ።

«ሰው ይውሰደኝ» አለ።

ወንዶቹ ቃሬዛውን ከጂፗ ጣሪያ ላይ ፈቱ፤ ለካ አስረውት ነበር። በአቋራጭ የወረዱትም ደረሱና አራት አራት ሆነው ተሸከሙት። ሌሎቹ ከጎን ይሄዳሉ፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ሳያቆሙ ትከሻውን ከሥሩ ያስገባል፤ ቃሬዛው ዝቅም ከፍም አይልም። ቤት የሚሸከሙበትን ዜማ ዝቅ አድርገው ያዜማሉ። እኔ ከኋላቸው ባዶዋን ጂፕ እየነዳሁ ተከተልኩ። ሰው ሲወርድላት እንደ ጫኖው ጊዜ ሆናለች፤ ድንጋዩ ሁሉ ከሥሬ ይቀልጣል። ያን ሁሉ የለፋንበት ምቾት ለእኔ ሆነ። ተቀምጬ የአባቴን እግር አያለሁ፤ ምንም አይሰማኝም።

በመካከል ቃሬዛው ቆመ። አንዱ አጎቴ ወደ እኔ መጣና በመስኮቱ አጎነበሰ። «አባትህ ልጄ የት ነው ይላል።»

«ይኸው ከኋላው ነኝ በለው።»

«ብዬዋለሁ። ከኋላ ምን ያደርጋል፣ ትከሻ የለውም ወይ ይላል።»

በእኛ ዘንድ ለታመመም ለሞተም ትከሻውን ያልሰጠ ሰው መጣ አይባልም። መሪውን ለጋሽ ታደለ ለቅቄ ወረድኩ። የቀርከሃው ዘንግ ከሰው ትከሻ ላብ ሞቋል። ከአባቴ ራስ አጠገብ ገባሁበት። የተማሪ ትከሻ ነው፤ ወዲያው ቆረጠመኝ።

አባቴ ዐይኑን ጨፍኗል። «ማን ነው?» አለ።

«እኔ ነኝ።»

ጥቂት ሄድን። ከዚያ እጁን ከጋቢው አውጥቶ ዘንጉን የያዘውን እጄን ነካው፤ የሸማኔ ጣት ነው፣ ለስላሳ። «ይሄ ትከሻህ ለእናትህም ይቆጠርላት» አለ።

አላለቀስኩም። ትከሻዬ ግን ክፉኛ አመመኝ። ከብዙ ጊዜ በኋላ የእኔ የሆነ ሕመም ነበር። ሊተካኝ የመጣውን ሰው በክርኔ መለስኩት።

ታች፣ ሙቀቱ ከሚጀምርበት፣ ከማንጎ ጥላ ሥር አሳረፍነው። ሜዳው መንገድ ላይ አባቴንና አክስቴን ብቻ ጭነን ስንነሣ፣ እነዚያ ወንዶች ቆጯቸውን በልተው ዳገቱን በእግራቸው ለመመለስ ይዘጋጁ ነበር። አባቴ ሆስፒታል እስክንደርስ ተኛ። «አላልኩም?» አለ ጋሽ ታደለ በሹክሹክታ፣ እየደጋገመ። አላልክም ያለው ሰው አልነበረም።

እግሩ ዳነ፤ ትንሽ አጠረ እንጂ። በግራ መርገጫው ላይ ቁራጭ ቀርከሃ አስሮ እስኪያርፍ ድረስ ሸመነ። ሲያርፍም ከቤቱ እስከ መቃብሩ ድረስ ትከሻዬን ማንም አልተካኝም። ጋሽ ታደለ ልባጦቹን መልሶ ገጥሞላት ጂፗ እንደ ቀድሞዋ ደረቅ ሆነች፤ እኔም መንገጫገጯን ወደድኩት።

መታጠፊያውን ስናልፍ ማርታ በጎን አየችኝ።

«ምነው፣ ትከሻህን ለምን ያዝከው?»

«ምንም አይደል። ይህች መኪናሽ ስንት ሰው ትይዛለች?»

«አምስት፣ ሰፋ ብለው።»

«ሲያመኝ በዚህ ቁልቁለት የምታወርጂኝ አንቺ ነሽ።»

«ምን ትሆናለህ! ደግሞ እኔ አለሁ፣ መኪናዋም አለች።»

«አውቃለሁ» አልኳት። «ብቻ አምስት ሰው ያንሳል።»