የእትዬ ንቦችና የተዋስኩት መርጫ

መጻፍ ብዙ አይሆንልኝም፤ ፊደል የቆጠርኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ስለ ታላቅ እህቴ ግን የሚጽፍ ሌላ ሰው የለም፤ ስህተት ቢኖር እለፉኝ።

እትዬ ከባቄላ ማሳዋ ጥግ ሰባት የንብ ቀፎ ነበራት። ልጅ አልወለደችም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያቆሟት ንቦቹ ናቸው። ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ፣ «እንዴት አደራችሁ ልጆቼ?» ትላቸዋለች።

ዘንድሮ ባቄላው አበባ እንደያዘ ክሽክሽ የሚሉት ጥቃቅን ጥቁር ተባይ ወረረው። ጫፍ ጫፉ ጥላሸት የተቀባ መሰለ። ጎረቤታችን፣ አይቸግሬ የምንለው፣ በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣

«እሜቴ፣ የእኔን ኃይለኛውን መድኃኒት ርጪበት፤ ባንድ ቀን ድምጥማጡ ይጠፋል» አላት።

«ንቦቼስ?»

«ንብ ምን ቸገራት? ክንፍ አላት፣ ትሽሽ!»

እትዬ አልሳቀችም። የሰብል ባለሙያዋ ዘንድ ሄዳ ኒም ከሚባለው ዛፍ ፍሬ የተሠራ መድኃኒት ይዛ መጣች። ባለሙያዋ፣ «ንብን ብዙ አይጎዳም። ቢሆንም ወደ ቀፏቸው ከገቡ በኋላ ርጪው። ቶሎ አይገድልም፣ ታገሺ» ብላታለች።

መርጫ ስለሌለን ከአይቸግሬ የተዋስኩት እኔ ነኝ። ክዳኑን ስከፍተው የሚሰነፍጥ ሽታ ወጣ። ታጥቧል ወይ ልለው አፌ ላይ መጣ። ሰው ዕቃውን ሰጥቶኝ ቆሻሻ ነው ማለት መሰለኝና አፈርኩ። ቤት ወስጄ ባንድ ውሃ አለቅለቅኩት። ፀሐይ ስትበርድ ረጨን።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የእትዬን ድምፅ ሰማሁ፤ ጩኸት ሳይሆን ማቃሰት። ቀፎዎቹ ሥር ንቦቹ በጀርባቸው ተኝተው እግራቸው ይንቀጠቀጣል። በቀሚሷ ጫፍ እያፈሰች፣ «ስኳር በውሃ በጥብጠህ አምጣ!» አለችኝ። አመጣሁ። አንዷም አልቀመሰችም። እኩለ ቀን ላይ አምስቱ ቀፎ ጭጭ አለ።

አይቸግሬ መጣ። «ብዬሽ ነበር፤ ለስላሳ መድኃኒት ብለው የሰጡሽ ይኸው ነው።»

እትዬ የተረፈውን የኒም መድኃኒት አነሳች። «ይቺ ባለሙያ ተብዬ አታለለችኝ! ፊቷ ላይ ነው የምደፋው። በል ያንተን ኃይለኛውን ስጠኝ። ከእንግዲህ ለማን ብዬ እሳሳለሁ?»

ሁለቱ ቀፎ ግን ገና እምም ይል ነበር፤ ጆሮዬን ለጥፌ ሰምቻለሁ። ኃይለኛው ከተረጨ እነሱም ማለቃቸው ነው። እጇን ያዝኩ።

«እትዬ፣ መድኃኒቱ አይደለም፤ መርጫው ውስጥ የቀረው የእሱ ኃይለኛው ነው። ሸቶኝ ነበር። ታጥቧል ወይ ብዬ መጠየቅ አፍሬ ነው።»

አይቸግሬ መሬት መሬት እያየ፣ «እኔ እኮ እሱ ያጥበዋል ብዬ ነው…» አለ።

እትዬ ትክ ብላ አየችኝ። በጥፊ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

«አፍረህ?» አለች። «አፍረህ ነው?»

ሲመሽ የሁለቱን ቀፎ አፍ በጨርቅ ወትፈን ከተመረዘው ማሳ ርቀን ወንዝ ማዶ ተሸክመን ወሰድናቸው። ስናወርዳቸው አንዱ ጸጥ ብሏል። በሌላው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

በሦስተኛው ቀን የተረፈው ክሽክሽ እንደገና ሲበዛ አይቼ፣ መርጫውን በሳሙና ደጋግሜ አጥቤ፣ እዚያው ወንዝ ማዶ ሄጄ የኒሙን መድኃኒት ልርጨው ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

ከቀፎው ዓይኗን ሳትነቅል፣ «ተወው፣ ባቄላውን ይጨርሰው» አለች።