አባቴን ሸራው ላይ ስገጥመው

አባቴ እግሩን ካጣ ወዲህ ጨዋ ሆነ። እኔን ሴት ልጁን ያስጨነቀኝም ይኸው ጨዋነቱ ነው። የሚያውቁት ይመስክሩ፤ አባቴ ማለት ከአብደራፊ እስከ ገንዳ ውሃ ትራክተር ሲነዳ የኖረ፣ ከባለእርሻው የሚጣላ፣ ከመካኒኩ የሚጣላ፣ ሌላው ቢቀር ሬዲዮ ከፍቶ ከዜና አንባቢው ጋር የሚከራከር ሰው ነበር። አንድ የዘር ወቅት ላይ ትራክተሩ ቦይ ውስጥ ተገለበጠና እግሩ ከሥሩ ቀረ። ጎንደር ወስደነው ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ መጣ። ውሃ ሳቀብለው "እግዜር ይስጥልኝ"፣ ምርኩዙን ሳነሳለት "እግዜር ይስጥልኝ"። በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆኖ ቁጭ አለ። ቢያለቅስ፣ ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር።

ያኔ እኔና የሰፈሬ ልጆች በጎ ፈቃደኞች ነበርን። ክረምት ላይ ችግኝ እንተክላለን፣ የአቅመ ደካሞችን ቤት እንጠግናለን። ከመካከላችን ባጃጅ የሚነዳው ልጅ ጎንደር ስልጠና ወስዶ ሲመለስ፣ ተቀምጠው ስለሚጫወቱት መረብ ኳስ ነገረን። መረቡ ዝቅ ይላል፣ ሜዳው ይጠባል፣ ተጫዋቹ ሁሉ መሬት ይቀመጣል፤ ኳሷን ሲመታ መቀመጫው ከመሬት ከተነሳ ጥፋት ነው። እግር ያለውም የሌለውም እኩል ሆነ ማለት ነው። እኔ ወዲያው ያሰብኩት አባቴን ነው። ይህ ሰው ካልተጣላ አይድንም፤ የሚያጣላው ነገር ደግሞ ከቤት ውጭ እንጂ አልጋው ላይ የለም።

ችግሩ ሜዳው ነው። የእኛ አገር መሬት ዋልካ ነው፤ ክረምት ጫማ ይውጣል፣ በጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ክንድ ያስገባል። እዚያ ላይ ማን ተቀምጦ ይንፏቀቃል? ያዳኑን አንድ የሰሊጥ ነጋዴ ናቸው። ሰሊጥ ሲራገፍ ከሥሩ የሚነጠፈው ትልቅ ሸራ አዝመራው ካለፈ በኋላ መጋዘን ውስጥ ተጠቅልሎ ይተኛል። ሱቃቸው በር ላይ ከርከዴያቸውን እየጠጡ ነገራችንን ሰሙና፣ ውሰዱት፣ ግን እንዳትቀድዱብኝ አሉን። ስንጥቁን በአሸዋ ሞላን፣ ሸራውን አነጠፍን፣ ለመረብ ደግሞ ያረጀ አጎበር አጥፈን በሁለት እንጨት መካከል ወጠርን። ነጋዴው ሸራቸውን ለመጠበቅ በየቀኑ ይመጡ ነበርና ዳኛ አደረግናቸው።

ፀሐይዋ በረድ ስትል አባቴን ይዤው ወጣሁ። እምቢ አላለም፤ ያኔ ምንም ነገር እምቢ አይልም ነበር። ልጆቹ ሲያዩት ሁሉም ብድግ አሉ። አንዱ የፕላስቲክ ወንበር ይዞ ሮጠ፣ አንዱ ሜዳው ዳር ካለው ዛፍ ጥላ ሥር ቦታ አስለቀቀ፣ አንዱ ውሃ አመጣ። ጋሼ እዚህ ይረፉ፣ ጋሼ ፀሐይ እንዳይነካዎት። አባቴም አመስግኖ ተቀመጠ። ሜዳው የተሠራው ለእሱና ለእሱ ዓይነቱ ሰው ሆኖ ሳለ፣ እኛ ባለሁለት እግሮቹ ሸራው ላይ ስንንከባለል፣ እሱ ወንበር ላይ ሆኖ ሲያጨበጭብልን አመሸ። 

በማግስቱ ወንበሩን ደበቅኩት። አባቴ ወዲያ ወዲህ አየና ምርኩዙን አስቀምጦ ሸራው ላይ ተቀመጠ። ከዚያማ የባሰ መጣ። ኳሷን ወደ እሱ ሲልኩለት እንቁላል የሚያቀብሉ ይመስላሉ። እሱ ሲመታ ደግሞ የሚመልስ ጠፋ፤ አየር ላይ ያለችውን ኳስ ዝም ብለው እያዩ "ጎበዝ ጋሼ" ይላሉ። ነጥብ በነጥብ ላይ ተቆጠረለት። እኔም ምን እንደነካኝ እንጃ፣ አብሬ አጨበጨብኩ።

ማታ ራቱን በልቶ፣ እናቴን አመስግኖ፣ ከእንግዲህ እንደማይመጣ ነገረኝ። ልጆቹን ደጎች ናቸው ብሎ መረቃቸው። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሮ፣

"ለካ እኔ ከእንግዲህ ሰው ጠንክሮ የማይመታኝ ሆኛለሁ" አለ።

 አባቴ ሲሞት ምን እንደምሆን ሁልጊዜ እፈራ ነበር፤ እንዲህ ቁጭ እንዳለ ሊሞት እንደሚችል ግን አስቤው አላውቅም።

ጠዋት ልጆቹን ሰብስቤ፣ እንደማንኛውም ተጫዋች ጠንክራችሁ ምቱበት ብዬ አፌ ያመጣውን ሁሉ ተናገርኳቸው። የባጃጁ ሹፌር ግን ምን ብለው አልሰማ አለ። ጋሼ በልጅነቴ ትራክተር ላይ አሳፍረው ያዞሩኝ ሰው ናቸው፣ እሳቸው ላይ እጄ እሺ አይለኝም ብሎ ቁርጡን ነገረኝ። አንዲት ልብስ ሰፊ ጓደኛችን ነበረች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ በሁለት ምርኩዝ ነው የምትሄደው፣ ጨዋታ ላይ ግን እሷን የሚያክል የለም። እኔን ስትመታኝ ትከሻዬ እስኪያብጥ አይደል እንዴ ብላ ያዘችው። አንቺማ እኩያዬ ነሽ አላት። እሷም ተጨማሪ ክርክር አልፈለገችም፤ ምርኩዞቿን አንስታ ቀጥታ ወደ ቤታችን ሄደች። አባቴን ምን እንዳለችው ኋላ ነግራኛለች፤ አላባበለችውም፣ ቡድኔ ሰው ጎድሎታል፣ ዛሬ ካልመጡ እንሸነፋለን ብቻ ነው ያለችው።

መጣ። ከእሷ ጎን ተቀመጠ፤ እኔ ከመረቡ ማዶ ሆንኩ። የዚያን ቀን እናቴም ከጎረቤቶቿ ጋር ዛፉ ሥር ተቀምጣ ታያለች። ጨዋታው ተጀመረ፤ የኔ ጉዶች ደግሞ ያንኑ ማባበል ቀጠሉ። አባቴ አንዴ መለሰ፣ ሁለቴ መለሰ፣ ከዚያ ፊቱ ጠቆረ። ዓይኑ ወደ ምርኩዙ ሲሄድ አየሁት። አሁን ከሄደ ማንም እንደማይመልሰው ገባኝ።

ኳሷ ከበላዬ ከፍ አለች። ነካ አድርጌ ላሳልፋት እችል ነበር። እናቴ ታየኛለች፣ ጎረቤት ያየኛል፣ እጄም ቢሆን አባቱን አክብሮ ያደገ እጅ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ባለኝ ኃይል መታኋት።

ጉንጩን አገኘችው። ሸራው ላይ በጀርባው ተዘረረ።

 እናቴ ነጠላዋን እየጎተተች ተነሳች፤ "አንቺ ልጅ፣ አባትሽን?" አለች። ከጎረቤቶቹ አንዷ አማተበች። የባጃጁ ሹፌር ሊያነሳው እየተንፏቀቀ ደረሰ፤ አባቴ ግን የተዘረጋለትን እጅ ገፋ አድርጎ በክርኑ ተደግፎ ተነሳ። ጉንጩ ቀልቷል፣ ሰሊጥ ተጣብቆበታል።  በቃ ገደልኩት ብዬ ነበር።

አባቴ አየኝ። ከዚያ ወደ ዳኛው ዞረ።

"መቀመጫዋ ተነስቷል" አለ። "ነጥቡ የኛ ነው።"

አልተነሳም አልኩ። ተነስቷል አለ። እኔ እዚሁ እንደተቀመጥኩ ነኝ አልኩ፤ እኔ ዓይን የለኝም ወይ አለ። ድምፁ እየጨመረ ሄደ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ያንን ከትራክተር ሞተር በላይ የሚሰማ ድምፅ ሰማሁት። ዳኛው አላየሁም ቢሉ እሳቸውንም ያዛቸው፤ ዳኛ የተባሉት ሸራ ሲጠብቁ ሊውሉ ነው እንዴ አላቸው። ነጋዴው ከርከዴያቸውን አስቀምጠው ሳቁ። ልብስ ሰፊዋ ከእሱ ጋር ሆና ጮኸች፣ የባጃጁ ሹፌር ሳያስበው ከእኔ ጋር ሆኖ ጋሼን ይከራከራቸው ጀመር። እናቴ እንደቆመች ቀረች። ተነስቶ ይሁን አይሁን እኔ ዛሬም አላውቅም።

ነጋዴው ነጥቡን ለእነሱ ሰጡ፤ መለጋቱም የአባቴ ተራ ሆነ። ኳሷን በግራ መዳፉ ላይ አስቀምጦ ከመረቡ በላይ ፊቴን ፈለገ።

"ተዘጋጂ" አለኝ።

ተዘጋጅቼ ነበር፣ ግን አልያዝኳትም። ደረቴ ላይ አርፋ በጀርባዬ አንጋለለችኝ። ትንፋሼን ፍለጋ ሰማይ ሰማይ እያየሁ እየሳቅኩ ስተኛ፣ ከመረቡ ማዶ አባቴ ኳሷን ቶሎ አምጡልኝ እያለ ይቆጣ ነበር።